አምስቱ የቅልልቦሽ ጠጠሮች

ይህ ነገር የሆነው ጃንሆይ ከዙፋናቸው ሊወርዱ ሁለት ዓመት ገደማ ሲቀራቸው ነው። ያን ጊዜ የሁለት ትንንሽ ሴቶች ልጆች እናት ነበርኩ፤ ዛሬ የልጅ ልጅ ያየሁ አሮጊት ነኝ። ብዙ ነገር ረስቻለሁ። የጎረቤቶቼ ስም እንኳ እየተምታታብኝ ነው። ይህን ግን አልረሳሁትም። የበደለኝ ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ እሱን ረግሜ እረሳው ነበር። በዳይዋ ግን እኔው ነኝ።

ትምህርቴ እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው። ጽሑፌ ቢንሻፈፍ ይቅር በሉኝ፤ ነገሩን ግን አላንሻፍፈውም።

ተወልጄ ያደግሁት ሥልጤ አገር ነው። በልጅነቴ የሱቅ መጫወቻ የሚባል ነገር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። የነበረኝ አምስት የቅልልቦሽ ጠጠር ብቻ ነው። ግን እንደ ማንም ጠጠር እንዳይመስሏችሁ። ከወንዛችን ዳር ሁለት በጋ ሙሉ ስመርጥ ከርሜ ያገኘኋቸው ናቸው። ሦስቱ ጥቁር፣ አንዱ ነጭ መስመር ያለበት ግራጫ፣ አንዱ ደግሞ ቀይ ነው። መጠናቸውም ክብደታቸውም እኩል ነው። አንዱ ከሌላው ከበለጠ ጨዋታው ማታለል ይሆናል እያልኩ ስንቱን የሚያምር ጠጠር ወደ ውሃው መልሼ ወርውሬያለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነኝ።

ቅልልቦሽን ለማያውቅ የዛሬ ልጅ ልንገረው። አራቱን ጠጠር መሬት ላይ ትበትናለህ። አምስተኛውን ወደ ላይ ትወረውርና እሱ ሳይወድቅ ከመሬቱ አንዱን አንስተህ በዚያው እጅህ ትቀልበዋለህ። መጀመሪያ አንድ አንድ እያልክ፣ ቀጥሎ ሁለት ሁለት፣ ከዚያ ሦስትና አንድ፣ በመጨረሻ አራቱንም ባንድ ጊዜ ታፍሳለህ። ከጣልክ ተራው የሌላው ነው። ቀድሞ የጨረሰ አሸነፈ።

አግብቼ ኮልፌ ስመጣ ጠጠሮቹን በሻሼ ጫፍ ቋጥሬ ይዣቸው መጣሁ። ባሌ ሸምሱ ቋጠሮውን ሲፈታው ሳቁ አላቆም አለ።

«ኮልፌ ጠጠር የለም ብለው ነው የላኩሽ?» አለኝ።

ልጆቼ ሲያድጉ እነዚያኑ ጠጠሮች አወጣሁላቸው። ትልቋ ዘሃራ፣ ትንሿ ሙና ትባላለች። የሁለት ዓመት ልዩነት አላቸው። ሸምሱ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ እሱ ሥራ ላይ ሆኖ እኔና ልጆቹ በረንዳው ሊሾ ላይ ቁጭ ብለን እንጫወታለን። የልጅነቴ ጠጠር በልጆቼ እጅ ላይ ሲንቀጫቀጭ መስማት እንዴት ደስ እንደሚል የደረሰበት ያውቀዋል። ስንት ቀን ወጥ አሳርሬያለሁ። ሸምሱ ሲገባ ሽታውን ያሸትና «ሦስት ልጅ ትቶልኝ ነው እኮ የሄደው አማቴ» ይላል።

ጨዋታው ሕግ ነበረው፤ ያወጣሁትም እኔ ነኝ። አንደኛው፣ ጠጠሮቹ የሁለታችሁም ናቸው፣ ለብቻዋ የምትወስድ የለችም። ማታ ማታ ወደሚቀመጡበት የሻይ ቆርቆሮ ይመለሳሉ። ሁለተኛው፣ የተሸነፈች መልስ አላት። «መልስ» ካለች ያሸነፈችው እንደገና ልታጫውታት ግዴታዋ ነው።

በዚህ ሁለተኛው ሕግ የምትጠቀመው ሙና ነበረች፤ ሁልጊዜ ተሸናፊዋ እሷ ናትና። «መልስ! መልስ!» እያለች እራት እስኪቀርብ ታስቸግራለች። ዘሃራ ግን አንድ ቀን እምቢ ብላት አታውቅም። የዘሃራ እጅ ሌላ ነበር። ወሬ እያወራች፣ ወደ ጎን እያየች ትቀልባለች።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ።

የሸምሱ ታላቅ እህት እትዬ ነፊሳ ጂማ ነበር የሚኖሩት። እናታቸው የሞተችው ሸምሱ ገና ሳይራመድ ነው፤ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። አላህ ደግሞ ለሳቸው ልጅ አልሰጣቸውም። አንድ ዓርብ ቀን ሳይታሰቡ መጡ። ሸምሱ ከጁምዓ ሲመለስ ጠብቀው ሁለታችንንም አስቀመጡን።

«አንድ ልጅ ስጡኝ» አሉ። «እናንተ ሁለት አላችሁ፣ እኔ አንድም የለኝም። የትኛዋም ትሁን። እንደ ዓይኔ አሳድጋታለሁ።»

ያን ጊዜ ይህ ያልተለመደ ነገር አልነበረም። የወንድምን፣ የእህትን ልጅ ወስዶ ማሳደግ በየቤቱ ነበር። ያውም ሸምሱ እሳቸውን እምቢ የሚልበት አፍ የለውም። መሬት መሬት ያይ ጀመር። በኋላ ውጭ ጠርቶኝ «እትዬን እምቢ ልላት አልችልም። አንቺ እናት ነሽ፣ አንቺ ምረጪ» አለኝ።

«እኩል ነው የወለድኳቸው። አልመርጥም» አልኩት።

ተመልሰን ገባን። እትዬ ነፊሳ ጭንቄን አይተው ሊያቀሉልኝ ፈለጉ።

«ትንሿን ስጪኝ በቃ፤ ቶሎ ትለምደኛለች» አሉ።

«ትንሽ ስለሆነች ትበደል?»

«እንግዲያው ትልቋን።»

«ትልቅ ስለሆነች ከቤቷ ትውጣ?»

«አይ አንቺ ሴት! ታዲያ ሸምሱን መልሼ ልውሰደው? እሱንማ አንዴ አሳድጌዋለሁ።»

ሳቅን። ሳቁ ግን አልቆየም። ሸምሱ ዕጣ ይጣል አለ። ዕጣውንም እምቢ አልኩ። ዕጣ የማወጣው እኔ ብሆን «እናቴ አወጣችኝ» ይሉኛል፤ እሱ ቢያወጣ ያው ነው። ወረቀት ደግሞ ዓይን የለውም። ያኔ ነው የሻይ ቆርቆሮው ትዝ ያለኝ። በገዛ እጃቸው ይለይላቸው፤ ያሸነፈች ትቀራለች፣ የተሸነፈች ትሄዳለች አልኩ።

«አስተግፊሩላህ!» አሉ እትዬ ነፊሳ። «ልጅ በጠጠር ይሰጣል?»

«ከማዳላት ይሻላል» አልኩ።

እንዴት ያለ ፍትሕ እንደመሰለኝ ልነግራችሁ አልችልም። ዛሬ ሳስበው ያደረግሁት አንድ ነገር ነው፤ እኔን የከበደኝን ፍርድ ከእጄ አውጥቼ በሁለት ሕፃናት እጅ ላይ ጣልኩት።

በማግስቱ ጠዋት በረንዳው ላይ አስቀመጥኳቸው። ሸምሱ ማየት አልችልም ብሎ ወጣ። ሳይነገራቸው ማጫወት ማታለል ነው ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሙና ሰባት ዓመቷ ነው፤ «ጂማ ሩቅ ነው?» ብላ ጠየቀች። ዘሃራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ምንም አልጠየቀችም።

ከዚያ ሌላ ነገር ታየኝ። ዘሃራ ትልቅ ናት፣ እጇም የሠለጠነ ነው። ሙና እንዴት ታሸንፋታለች? ይሄማ አስቀድሞ የተፈረደ ነው አልኩ። ስለዚህ እኩል ይሁን ብዬ ዘሃራ በግራ እጇ እንድትጫወት አዘዝኩ። በእኛ ቤት እንኳን መጫወት፣ በግራ እጅ ማቀበልም ነውር ነው። የልጅቷ ግራ እጅ ከዚያ ቀን በፊት ጠጠር ወርውሮ አያውቅም።

ዘሃራ አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ቀኝ እጇን ከቂጧ ሥር አድርጋ ቁጭ አለችበት፤ ሳታስበው እንዳይዘረጋባት ነው።

ጨዋታው ረዘመ። ዘሃራ መጀመሪያ ላይ አንድ አንዱን እንኳ ማንሳት አቃታት፤ ጠጠሩ ጣቷን እየመታ ይወድቃል። ሙናም ትጥላለች። ቀስ በቀስ ግን ያ ግራ እጅ መልመድ ጀመረ። ሁለት ሁለቱን አለፈች። ሦስትና አንዱን አለፈች። በመጨረሻ ሁለቱም እኩል አራቱን ማፈስ ላይ ደረሱ። ተራው የዘሃራ ነበር። ቀዩን ጠጠር ወረወረች፣ አራቱንም አፈሰች፤ ቀዩ ግን የመዳፏን ጠርዝ መታና እየተንከባለለ እትዬ ነፊሳ እግር ሥር ሄዶ ቆመ።

ቀጥሎ ሙና ወረወረች፣ አፈሰች፣ ቀለበች። «አሸነፍኩ! አሸነፍኩ!» ብላ ዘለለች። ወዲያው የሁላችንን ፊት አየችና ማልቀስ ጀመረች።

ዘሃራ አላለቀሰችም። ቀኝ እጇን ከሥሯ አወጣች፣ ደም ያልነካው ነጭ ሆኖ ነበር። ቀስ ብላ «መልስ» አለች።

እኔ ተነሥቼ ቀሚሴን እያራገፍኩ ነበር። «ሌላ ጊዜ፣ ሌላ ጊዜ» አልኳትና ልብሷን ላዘጋጅ ገባሁ።

እሑድ በጠዋት አየር ጤና መንገዱ ዳር ቆመን የጂማውን አውቶቡስ ጠበቅን። ያን ጊዜ አካባቢው እንደዛሬው ሱቅ በሱቅ አልነበረም፤ ባሕር ዛፍና ጭቃ ነው። ዘሃራ አባቷ አዲስ የሰፋላትን ቀሚስ ለብሳ፣ የአክስቷን እጅ ይዛ አውቶቡሱ ላይ ወጣች። ሸምሱ አውቶቡሱ ከዓይን እስኪሰወር ቆመ። እኔ «አልሐምዱሊላህ፣ አላዳላሁም» እያልኩ ተመለስኩ። በአፌ ነው ያልኩት፣ ሙና ትመስክርብኛለች።

ከሰዓት በኋላ ሙና ቆርቆሮውን ስትከፍት አራት ጠጠር ብቻ አገኘች። ቀዩ የለም። ቤቱን ገለባበጥን። ከዚያ ገባኝ፤ ዘሃራ ወስዳዋለች።

አሁን የምጽፈው በጣም የማፍርበት ነው። ተናደድኩ። ጠጠሮቹ የሁለታችሁም ናቸው ብያለሁ፤ ሕግ ሕግ ነው። ሙና በአራት ጠጠር ምን ትጫወታለች? በሰፈራችን የጂማ አውቶቡስ የሚነዱ ጋሽ ታደሰ የሚባሉ ሰው ነበሩ። እሳቸውን ለምኜ እንዲህ ብለው ለዘሃራ እንዲነግሩልኝ ላክኋቸው፦ «ቀዩን ጠጠር መልሺ፤ የብቻሽ አይደለም።»

ልጄን ከቤት አውጥቼ፣ የላክሁባት የመጀመሪያ መልእክት ይህ ነው።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጋሽ ታደሰ ጠጠሩን በጨርቅ ተጠቅልሎ አመጡልኝ።

«ልጅሽ ክፉ አይደለችም» አሉኝ እየሳቁ። «አላስቸገረችኝም፤ ወዲያው አወጣችና ‹እንኩ› ብላ ሰጠችኝ። ግን በግራ እጇ ነው የሰጠችኝ፤ አክስቷ ምን ስድ ናት ብላ ተቆጣቻት።»

እኔም ስድነት መሰለኝ። «ገና ከአሁኑ እናቷን ናቀች!» ብዬ አጉረመረምኩ። ጠጠሩን ወደ ቆርቆሮው መለስኩት። ሙና ግን ከዚያ ወዲያ ብዙም አልተጫወተችበትም። የሚያጫውታት አልነበረም።

ዘሃራ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣችው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ለዒድ ነው። መንግሥቱ ተለውጦ አገሩ ሁሉ ወሬ ብቻ ሆኖ ነበር። ቤቱ በእንግዳ ተጨናንቋል፤ እኔ ከጓዳ ሳሎን እመላለሳለሁ። ዘሃራ ቁመቷ ረዝሟል። ሦስት ቀን ነበር የቆየችው። በሁለተኛው ቀን ጓዳ ድረስ ተከትላኝ ገባችና «እማዬ፣ ጠጠሮቹ አሉ?» አለችኝ።

«የት ይሄዳሉ? አሉ» አልኳት። «አሁን እንግዳ አለ፣ በረንዳውን እንዳትዘጉብኝ።»

እሺ ብላ ወጣች። ዳግመኛ አልጠየቀችኝም። ከዚያ በኋላ ስትመጣ እኔን «እማማ» ነበር የምትለኝ፣ ሰፈርተኛው ሁሉ እንደሚለኝ። «እማዬ» የሚለው የእትዬ ነፊሳ ሆነ። እሳቸውም እንደተናገሩት እንደ ዓይናቸው ነው ያሳደጓት፤ አስተማሯት፣ ዳሯት። በእሳቸው ላይ አንድ ክፉ ቃል የለኝም።

እኔ ደግሞ ዓመታት ሲያልፉ አንድ ታሪክ ሠራሁ። ዘሃራ ያን ቀን ቀዩን ጠጠር የጣለችው አውቃ ነው አልኩ። ለታናሿ አዝና፣ እሷ ትቅር ብላ ነው። ምን ያለች ልጅ ናት! ይህን ለጎረቤት አወራሁ። ለሙናም ነገርኳት፤ ሙናም አመነችኝና እህቷን ባየች ቁጥር ዓይኗ እንባ ይሞላል። ሸምሱ እስኪሞት ድረስ በዚህ ነው የተጽናናው። እኔም በዚህ ነው የተኛሁት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ እትዬ ነፊሳም ካረፉ በኋላ፣ ዘሃራ ትንሿን ልጇን ኢክራምን ይዛ መጣች። ኢክራም ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ልቤ ደስ አለውና የሻይ ቆርቆሮውን አወጣሁ። በአያትነቴ አንድ ነገር ላሳያት ብዬ ጠጠሮቹን መሬት ላይ በተንኩ። ጣቶቼ ግን በቁርጥማት ተቆልምመዋል፤ የወረወርኩትን አልያዝኩም። ኢክራም ሳቀች።

«ነይ አንቺ አሳያት» አልኩ ለዘሃራ። «እኔ እንደሆን እጄ ከድቶኛል።»

«ረስቼዋለሁ፣ እማማ» አለች።

ያኔ ለዓመታት በልቤ የያዝኩትን አወጣሁት። «አንቺማ ትረሺዋለሽ! ያን ቀን እንኳ ለእህትሽ ብለሽ አውቀሽ ነው የጣልሽው።»

ዘሃራ ገርሟት አየችኝ።

«ማነው ያለሽ?» አለች። «አውቄ አልጣልኩም። ላሸንፍ ነበር የተጫወትኩት። ግራ እጄ ነው ያቃተው።»

 ከዚያም ቀጠለች፤ ቁጣ የለባትም፣ የሩቅ ነገር እንደምታወራ ሰው ነበር።

«‹ሌላ ጊዜ› ብለሽኝ ነበር እኮ። እውነት መስሎኝ። ጂማ ስገባ ከጓሮ አራት ጠጠር ለቀምኩ፣ ቀዩ ነበረኝ። በየቀኑ በግራ እጄ ተለማመድኩ። ሁሉንም በግራ እጄ ነበር የማደርገው፤ እንዲጠነክር። ሲጠሩኝ መልሱን ተጫውቼ እቤቴ እገባለሁ እል ነበር። ሲጠሩኝ ለካ ጠጠሩን መልሺ ሊሉኝ ነው።»

ይህን ብላ እንደዋዛ አጎንብሳ ጠጠሮቹን ሰበሰበች። በግራ እጇ። በተነች፣ ወረወረች። አንድ አንድ፣ ሁለት ሁለት፣ ሦስትና አንድ። ዓይኗ ልጇ ላይ ነበር፣ ጠጠሮቹን አላየቻቸውም። አራቱን አፈሰችና ቀዩን ቀለበችው። አንዱም አልወደቀም። ኢክራም አጨበጨበች።

እኔ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። «ሙናን ልጥራት» አልኩ። «እዚሁ ቅርብ ናት፣ አስኮ። ትምጣና ዛሬ መልሱን ተጫወቱ።»

ዘሃራ ሳቀች። ክፋት የለበትም ሳቋ።

«እማማ፣ አሁን ባሸንፍ የት ልቀር ነው?»

ከዚያ አምስቱን ጠጠሮች መለሰችልኝ። በቀኝ እጇ ነው የሰጠችኝ፤ ለትልቅ ሰው እንደሚሰጠው፣ በግራዋ ክንዷን ደግፋ፣ ጎንበስ ብላ።

በሰፈራችን ሁለት ሰው ሲጣላ እስከ ዛሬ እኔን ይጠሩኛል። «እሷ አታዳላም» ይላሉ። እውነት ነው አላዳላም። ግን ያን ዓርብ ከእኔ የሚፈለገው ማስተካከል አልነበረም። «ሁለቱም ልጆቼ ናቸው፣ አልሰጥም» ማለት ብቻ ነበር። ለባሌ እህት መናገር የከበደኝን አንድ እምቢታ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ አሸከምኳት፤ ያውም አንድ እጇን ይዤባት።

ዘሃራ በየጊዜው ትደውልልኛለች። በደወለች ቁጥር ይህን ልነግራት አስብና «ልጆች ደህና ናቸው?» ብዬ እዘጋለሁ። ለዚህ ነው የጻፍኩት።

ጠጠሮቹ ቆርቆሮው ውስጥ ናቸው። ትናንት ቆጠርኳቸው። አምስቱም አሉ።